የጓድ ሙሉሃብት ገንዳ

የካቲት 9 ቀን 1972 ዓ.ም.

እኔ የሺሃረግ አረጋ፣ ዕድሜዬ አሥራ አምስት፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን እናዘዛለሁ። ዛሬ በቀበሌው ስብሰባ ላይ መፈክር ሲባል እጄን እንደ ሰው ሁሉ አነሣሁ፤ አፌን ግን አልከፈትሁም። ፀረ አብዮት ሆኜ አይደለም። አፌ ውስጥ የሽምብራ ቆሎ ነበረ። ብከፍተው የምመታው ኢምፔሪያሊዝምን ሳይሆን ፊት ለፊቴ የተቀመጡትን የጎረቤታችንን የእትዬ ሸጌን ነጠላ ነበር።

ቅጣቱ ወዲያው መጣ። ጓድ ሙሉሃብት ከመድረኩ ሆነው፣ "ያቺ ዝምተኛ፣ ጨዋ ልጅ ማን ናት?" አሉ። እማዬ ማንን እንደሚሉ ለማየት ወደ ኋላ ዞረች። መምህራችን "ጽሕፈቷም ቆንጆ ነው" ሲል ጨመረ። በዚህ ሁኔታ የግንባታ ቁጥጥሩ ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥሁ።

ጓድ ሙሉሃብት "ከላይ" የመጡ ናቸው። ከላይ የት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የንስሐ አባታችን አባ ጋሻዬ ብቻ፣ "እኔ ከላይ የማውቀው አንዱን ነው፤ እሱ ደግሞ እኒህን ስለመላኩ አልነገረኝም" ይላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ጓዱ የሚኖሩት ከአንድ ባላባት በተወረሰ ግቢ ነው። ለሥልጠና ውጭ አገር ሄደው መዋኘት ተምረው ተመለሱ። ላስታ ላይ ደግሞ የሚዋኝበት ውሃ ይቅርና እግር የሚታጠቡበትም በልመና ነው። ስለዚህ ግቢያቸው ውስጥ መዋኛ ገንዳ ይሠራላቸዋል። አገር ሁሉ ያውቀዋል፤ ወረቀቱ ላይ ግን "የሰፊው ሕዝብ ውሃ ማጠራቀሚያ" ነው የሚለው።

የሚሠራው ድንጋይ ጠራቢው አባቴ ነው። የሰፊው ሕዝብ መሆኑን ሲነግሩት "እሰይ" አለ፤ አመነ። አባዬ ወረቀት የሚዋሽ አይመስለውም።

የካቲት 12

ተቆጣጣሪው ከደሴ መጡ። ጓድ አዝመራው ይባላሉ፤ ቀጭን ናቸው፣ ሜትራቸውን እንደ ማተብ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ጉድጓዱ ዘንድ ሲደርሱ ከአባዬ በቀር አንድም ሰው የለም።

"ሠራተኞቹ የት አሉ?"

"ሚካኤል ነው፣ ጌታዬ።"

"ጌታዬ ቀርቷል፤ ጓድ ነው። ነገስ?"

"ነገ ይሠራል።"

"ከዚያስ?"

"አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት፣ አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ ሃያ አንድ ማርያም፣ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፣ ሃያ ሰባት መድኃኔ ዓለም፣ ሃያ ዘጠኝ ባለወልድ፤ ቅዳሜና እሑድም አሉ።"

"ታዲያ መቼ ነው የምትሠሩት?"

አባዬ አሰበበት። "በመካከላቸው" አለ።

እኔ መዝገቡ ላይ "ሥራው በቴክኒክ ምክንያት ለአንድ ቀን ቆሟል" ብዬ ጻፍሁ። ጓድ አዝመራው አነበቡትና "ጎበዝ" አሉኝ።

የካቲት 13

ዋናው ቁጥጥር። ጓድ አዝመራው ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው ቆሙ፤ እስከ ደረታቸው ይደርሳል። ቅጻቸውን ጠርዙ ላይ ዘረጉ።

"ሲሚንቶ ስንት ኩንታል ገባ?"

"ምንም።"

"ብረት?"

"ምንም።"

"ጡብ? ብሎኬት?"

አባዬ በትሕትና ራሱን ነቀነቀ።

"ታዲያ በምንድን ነው የምትገነባው?"

"በማንሣት" አለ አባዬ።

የእኛ አገር ሰው እንዲህ ነው። ሌላው ሕዝብ ቤት ሲያስፈልገው ድንጋይ ይቆልላል፤ የእኛዎቹ ግን ድንጋይ ያስወግዳሉ። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ከአለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት ውሃ መውረጃ ሲጠርብና ሲጠርግ ነው የኖረው። ጡብ በጡብ ላይ ሲቀመጥ ካየ "ይኸ ነገር አይወድቅም?" ብሎ ይጨነቃል።

"ገንዳ ማለት እኮ፣ ጓድ፣ ድንጋይ የሌለበት ቦታ ነው" ብሎ ሊያስረዳቸው ሞከረ።

"ቅጹ የሚጠይቀው የተጨመረውን ነው።"

"የተነሣውን ይጻፉለታ።"

"የተነሣ የሚል መስመር የለም።"

እስከ ደረታቸው ድንጋይ ውስጥ ቆመው "ግንባታው ገና አልተጀመረም" ብለው ጻፉ። እኔም ወደ መዝገቤ ገለበጥሁት። ካልተጀመረው ግንባታ ውስጥ ለመውጣት የሦስት ሰው እጅ አስፈለጋቸው።

የካቲት 24

ዛሬ የሰማሁትን ባልሰማሁት።

ጓድ ሙሉሃብት አባዬን አስጠሩት። እኔ መዝገብ ይዤ በሩ ላይ ነበርሁ።

"አረጋ፣ ሚያዝያ ሃያ ሦስት የላብ አደሮች ቀን ነው። ገንዳው የዚያን ዕለት ይመረቃል። ውሃ ከያዘ የአብዮቱ ድል ነው።"

"ይይዛል፣ ጌታዬ።"

"ካፈሰሰ ግን ያፈሰሰው ሰው አለ ማለት ነው።"

ዓምና የእህል መጋዘኑን የሠራው ሰውዬ ጣሪያው አፈሰሰበት። እስካሁን ወልድያ ታስሮ ነው፤ ሚስቱ በየአሥራ አምስት ቀኑ ስንቅ ታመላልሳለች። አባዬ ሲወጣ፣ "ሰማሽ?" አለኝ። "አልሰማሁም" አልሁት። "ደግ አደረግሽ" አለኝ።

መጋቢት 3

ፈተና አለብኝ። ሒሳብ አላጠናሁም። አባዬ ራት አልበላም፤ ጾም ነው አለ። ጾም እኮ የምሳ ነው እንጂ የራት አይደለም። ወልድያ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?

መጋቢት 11

ሁለተኛ ቁጥጥር። ገንዳው አሁን ገንዳ መስሏል፤ ርዝመቱ ስድስት ሜትር፣ ወርዱ ሦስት። ጓድ አዝመራው "የብረት መሰላል የት አለ?" ብለው ጠየቁ። አባዬ መሰላል አያውቅም፤ በምሥራቅ በኩል ከራሱ ከአለቱ ሰባት ደረጃ አውጥቶለታል። "ለምን በምሥራቅ?" ሲሉት "ታዲያ በየት?" አለ።

እትዬ ሸጌ ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ቆመው ኖሯል።

"አረጋ ሰባት ደረጃ አወጣለት?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"በምሥራቅ?"

"በምሥራቅ።"

"እህ" አሉ።

የእትዬ ሸጌ "እህ" ብቻውን ሦስት ቀበሌ ይዞራል።

ጓድ ሙሉሃብት መጥተው ከጠርዙ ላይ የሚዘለልበት ጣውላ እንዲገጠም አዘዙ። ጓድ አዝመራው "የማጠራቀሚያ ገንዳ ላይ መዝለያ ምን ይሠራል?" ብለው እያፈሩ ጠየቁ። "የውሃ ናሙና መውሰጃ ጣውላ" ተብሎ ተመዘገበ። እኔ ነኝ ያቀረብሁት። ኃጢአቴ እየበዛ ነው።

ሌላም ነገር። ጓዱ ከውጭ ያመጡት ቀይ የዋና ቁምጣ ልብስ ማስጫው ላይ ተሰቅሏል። የግቢው ዘበኛ አራጋው የወዳጅ አገር ባንዲራ መስሎት ባለፈ ባገደመ ቁጥር ቀጥ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል። ማንም አልነገረውም። እኔም አልነግረውም።

መጋቢት 26፣ ስቅለት

ዛሬ ውሃ ማመላለስ ይጀመር የሚል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር፤ በየቤቱ አንድ አህያ ወይም አንድ እንስራ። አገሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ዋለ። የመጣው አንድ አህያ ብቻ ነው፤ እሱም ጠፍቶ ነው።

ሚያዝያ 15

ሞላ! ሁለት ሳምንት ሙሉ አህያና ሴት ሲያመላልስ ከርሞ ሞላ። እትዬ ሸጌ ራሳቸው አሥራ አንድ እንስራ አምጥተዋል፤ በእያንዳንዱ እንስራ አንድ እርግማን፤ ቆጥሬያለሁ።

አሁን የመጨረሻው ቁጥጥር ነው። ጓድ አዝመራው ውሃው የደረሰበት ላይ በምስማር ምልክት ጫሩ። ውሃው ሰባት ቀን ይቆማል። የዛሬ ሳምንት ተመልሰው ይለኩታል። ከምልክቱ ከአንድ ጣት የበለጠ ልዩነት ከተገኘ ገንዳው ወድቋል። እሳቸው ወደ ሌላ ሥራቸው፣ ጓድ ሙሉሃብት ወልድያ ለስብሰባ ሄዱ።

አባዬ ገንዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ በሬ እንደሚያባብል።

ሚያዝያ 16

አንድ ጣት ጎደለ። "ፀሐይ ነው" አለ አባዬ።

ሚያዝያ 17

ሁለት ጣት ተኩል።

ሚያዝያ 18

አራት ጣት።

አባዬ ቀኑን ሙሉ ጆሮውን አለቱ ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ ዋለ። በውጭ በኩል ያለውን ድንጋይ በምላሱ ቀመሰው። "ደረቅ ነው፤ ደረቅ እኮ ነው" ይላል። እማዬ ምግብ ስታቀርብለት አያያትም፣ እሷም አታየውም። ነጠላዋ ጫፉ እርጥብ ነበረ። የት አረጠብሽው ብላት "ዝም በይ" አለችኝ። እኔስ መቼ ዝም ብዬ አውቃለሁ፤ ግን ዛሬ ዝም አልሁ።

እስካሁን በትልልቅ ሰዎች ስስቅ መክረሜ አሁን ያስጠላኛል። አባቴ ወልድያ ሊወርድ ነው፣ እኔ ስለ ቁምጣ እጽፋለሁ።

ሚያዝያ 19

ዛሬ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቼ ሄድሁ። አለቱ ውሃውን የሚጠጣው መቼ እንደሆነ ላየው ነበር።

የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሴቶች ከበሩ እስከ ገንዳው ተሰልፈዋል፤ ሰልፉን እትዬ ሸጌ ያስከብራሉ። የአብዮት በዓል ላይ እንዲህ ያለ ሰልፍ ታይቶ አያውቅም። ዘበኛው አራጋው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን በውሃው ያሻል።

"አራጋው! ምንድን ነው ይኸ?"

"የጉልበቴ ሕመም ለቀቀኝ፣ የሺ። ስድስት ዓመት ያሠቃየኝ ጉልበት! ተመልከቺ!" ብሎ ቁጢጥ ብድግ አለ።

"ጠበል ነዋ!" አሉ እትዬ ሸጌ። "ምን ታፈጫለሽ? ከአንድ አለት ተጠርቦ፣ ሰባት ደረጃ በምሥራቅ ወጥቶለት፣ በሁዳዴ በጾም ተቆፍሮ ተራ ውሃ ሊሆን ነው?"

"እትዬ፣ ውሃውን እኮ እርስዎ ራስዎ ነዎት ተሸክመው ያመጡት!"

"አምጥቼዋለኋ! ሲገባ ሌላ፣ ሲወጣ ሌላ።"

የነጋዴው የአባስ ሚስት ጀውሀራ ሳትቀር ከሰልፉ አለች። "ወላሂ፣ አንድ ቅል ብቻ ነው የወሰድሁት" አለችኝ። የጠየቅኋቸው ሁሉ አንድ ቅል ብቻ ነው የወሰዱት። አራት ጣት ውሃ በአንድ አንድ ቅል አለቀ።

ከዚያ ከደረጃው ላይ አንዲት ሴት ወጣች፤ ነጠላዋ እስከ ወገቧ ርሷል፣ ቅል ታቅፋለች።

"እማዬ!"

ቅሉን ሸሸገችው፤ እንደማላየው። "አባትሽን እንዳትነግሪው" አለች።

"ምን ልታደርጊበት ነው?"

የነጠላዋን ጫፍ ጨመቀች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "አንቺ ብቻሽን ነሽ" አለች።

እማዬ ድሮ ለምን አንድ ብቻ ወለድሽ ሲሏት፣ "እግዜር አሥር ልጅ ሊሰጠኝ አስቦ፣ ልጆቹን ትቶ የአሥሩን ምላስ በዚች ላይ ጨመረው" እያለች ሰው ታስቅ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ዛሬ አሥሩም ምላስ አንድ ቃል አልወጣቸው።

ሚያዝያ 20

ለጓድ አዝመራው እውነቱን ብናገር አባዬ ነፃ ይወጣል። ግን ያኔ "የአድኃሪ ስብሰባ በጓድ ግቢ ውስጥ" ይሆናል፤ እማዬም፣ እትዬ ሸጌም፣ አራጋውም ከነጉልበቱ ይታሰራሉ። ባልናገር አባዬ። ሒሳብ መምህሬ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰጥቶን አያውቅም።

አባ ጋሻዬ ዘንድ ሄድሁ። "አባ፣ ጠበል ነው አይደለም?" አልኋቸው።

"እኔ አልባረክሁትም።"

"ታዲያ ጠበል አይደለም ይበሉልኛ!"

"አልባረክሁትም አልሁ እንጂ እግዜር አልባረከውም ወጣኝ?" ጢማቸውን አሹት። "ለመሆኑ አራጋው እውነት በዚያ ጉልበቱ ቁጢጥ ብድግ አለ?"

ከአባ ምክር ተስፋ የለም።

ሚያዝያ 21

እትዬ ሸጌን ብቻቸውን ይዤ፣ "እትዬ፣ ውሃው ካልተመለሰ አባዬ ወልድያ ይወርዳል" አልኋቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። "ለአንድ ቅል ውሃ?"

"ለአንድ ቅል ውሃ።"

"ምነው እስካሁን አፍሽን ቆለፍሽ? ለነገር ሲሆን መች ትችይ ነበር!" ብለው ነጠላቸውን አደግድገው ወጡ። ነገ ጎሕ ሲቀድ እያንዳንዱ የወሰደውን ይመልሳል። ለእማዬም ነገሯት። አባዬ ምንም አያውቅም። በራሴ ብልጠት ኮርቻለሁ፤ ይኸም ይመዝገብልኝ።

ሚያዝያ 22

አልኮራሁም። ይሰረዝልኝ።

ጎሕ ሲቀድ መጡ። አንድ ቅል ወሰድሁ ያለችው ሁሉ አንድ እንስራ ተሸክማ መጣች። ጀውሀራ ሁለት አህያ ጭናለች። እኔ በጣት ልክ ምልክት ያደረግሁበትን የወይራ እንጨት ይዤ ጠርዙ ላይ ቆምሁ። ሦስት ጣት ቀረው። አንድ ጣት። ደረሰ!

"በቃ! በቃ፣ ደርሷል!"

ማን ይሰማኛል! "ለአረጋ ነው" እያሉ ያፈሱታል። "ለበረከት ነው፣ ይጨመርበት!" አራጋው ለእንስሳት የተቀዳውን በርሜል ሳይቀር ገለበጠ። ምልክቱን ሦስት ጣት አልፎ ሄደ።

"እትዬ፣ በእናትዎ፣ ትርፉን መልሳችሁ ቅዱት!"

"ለጠበል የሰጠሁትን ልንጠቅ? ሰይጣን ይያዝሽ!"

እኔው ቅል ይዤ ልቀዳ ደረጃውን ስወርድ የላንድሮቨር ድምፅ ተሰማ። ሴቶቹ እንደ ቆቅ ተበተኑ።

ጓድ አዝመራውና ጓድ ሙሉሃብት አብረው ወረዱ። አባዬም መኪናውን ሰምቶ እየሮጠ ደረሰ። ጓድ ሙሉሃብት ካፖርት ለብሰዋል፤ ከካፖርቱ በታች ባዶ እግር፣ ከባዶ እግሩ በላይ ትንሽ ቀይ ነገር። አራጋው በልማዱ ሰላምታ ሰጠ።

ጓድ አዝመራው ለኩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ ደግመው ለኩ።

"ሦስት ጣት ልዩነት አለው።"

አባዬ ዓይኑን ጨፈነ።

"ጨምሯል" አሉ።

አባዬ ዓይኑን ገለጠ። እንዲህ የተገረመ ሰው አይቼ አላውቅም።

"ጨምሮ ከሆነማ ጥሩ ነዋ!" አሉ ጓድ ሙሉሃብት፣ ካፖርታቸውን እየፈቱ።

"ቅጹ ልዩነት ነው የሚለው፣ ጓድ። ደግሞስ ዝናብ ሳይዘንብ ከየት ይጨምራል? ከሥር በስንጥቅ ይገባል ማለት ነው። በስንጥቅ የገባ በስንጥቅ ይወጣል። ዛሬ ጨመረ፣ ነገ ይደርቃል።" ወደ እኔ ዞሩ። "ጸሐፊ፣ አንቺስ ከየት የመጣ ይመስልሻል?"

"ከላይ" አልሁ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ጓድ ሙሉሃብት ካፖርታቸውን መልሰው ቆለፉ። "ስንጥቁን የሠራው ማን ነው?" ሁሉም አባዬን አየ። "ነገ አራት ሰዓት ምረቃ ነው። ከዚያ በፊት ትፈርማለህ ወይ አትፈርምም፣ አዝመራው። ካልፈረምህ መኪናው አረጋን ይዞ ይወርዳል።"

አባዬ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ። "አልተሰነጠቀም፣ የሺ። እኔን ይውሰዱኝ፤ ድንጋዩን ግን ያልሆነውን አይበሉት።"

አንድ ጣት ጎድሎ ቢሆን ፀሐይ ነው ይባል ነበር። ያስጨመርሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ። እኔ።

ሚያዝያ 23፣ ጊዮርጊስ

ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ከጓዱ ግቢ የበረት ግድግዳ ጀርባ ተቀምጬ እጽፋለሁ።

ዛሬ የላብ አደሮች ቀንም የጊዮርጊስም ክብረ በዓል ነው። ላብ አደሩ በሙሉ ቤተ ጊዮርጊስ ሄዷል፤ ከበሮው እዚህ ድረስ ይሰማል። ለምረቃው ከተተከሉት ወንበሮች አንዱም ሰው የለበትም። አራጋውም ሄዷል፤ በጉልበቱ ሊጨፍር። ጓድ ሙሉሃብት ሰው ፍለጋ ወጥተዋል።

አባዬ ንጹሕ ጋቢውን ለብሶ ደጃፋችን ተቀምጧል። እማዬ በሶ ቋጥራለታለች። ሁለቱም የትም የማይሄድ ሰው እንደሚያደርገው ደጃፋችን ስለታሰረው በግ ያወራሉ። "አባዬ፣ እኔ ነኝ" ልለው ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሦስቴ ስለ በጉ አወራሁ።

ስለዚህ ወሰንሁ። ጓድ አዝመራውን ጠብቄ "ውሃውን የጨመርሁት እኔ ነኝ፤ ብቻዬን፤ ለቀልድ" ልላቸው ነው። ማንንም አልጠራም። በዚህ ከተማ የቀልድ ስም ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንሁ ያምኑኛል። ቢያንስ ድንጋዩ ነፃ ይወጣል። ሀሳቤን በጽሑፍ አስተካክዬ

ጓድ አዝመራው መጡ። ብቻቸውን ናቸው። ቅጹን በብብታቸው ይዘዋል፤ ጫማቸውን አወለቁ። አሁን ልነሣ።

አልተነሣሁም። ግራ ቀኙን አዩ። ባዶዎቹን ወንበሮች አዩ። ከኮታቸው ውስጥ ጠርሙስ አወጡ። ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱ፤ ውሃው ጉልበታቸው ሲደርስ ቆሙ፤ ቀኝ እጃቸው ወደ ግንባራቸው ተነሣ፤ ግንባራቸው ጋ ሲደርስ የሆነ ነገር ትዝ አላቸው መሰለኝ ጨበጡት፤ የመፈክር ቡጢ ሆነ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ቡጢውን ፈቱትና አማተቡ።

ጠርሙሱን ሞሉት። ከውሃው ጋር ሲነጋገሩ እሰማለሁ፤ "ለባለቤቴ ነው። ያለ ልጅ ስምንት ዓመታችን" ይላሉ። ሌላውን ከበሮው ዋጠብኝ።

ልስቅ ነበር፤ ማርያምን ልስቅ ነበር። ግን እማዬ ቅሏን እንዴት እንደሸሸገች ትዝ አለኝና ሳቄ ሌላ ነገር ሆኖ ወጣ፤ ሳል መሰለ። ሰሙኝ። ጠርሙሱን ከኮታቸው ሥር ሸሸጉት፤ እንደማላየው። አሁን በቀጥታ ወደ ግድግዳው እያዩ ነው። ደብተሬንም አይተውታል።

ቅጹን አውጥተው ጠርዙ ላይ፣ ደረቁ ላይ ዘረጉት። ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ፤ የፊርማውን መስመር በጣታቸው ይፈልጋሉ። እየተጣሩ ነው፤ ድምፃቸው የተቆጣጣሪ ድምፅ አይደለም፣ ጎረቤት እሳት ሊጭር ሲመጣ በአጥር የሚጣራው ዓይነት ነው፦

"የሺሃረግ!"